ዘንድሮ ላሳርፈው ብዬ ነው

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፤

እትዬ፣ ሰላምታዬ ከስፌት መኪናሽ ቀና አድርጎ ያግኝሽ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? በእግርሽ ከምትረግጪው ሞተር አስገጥሚለት ብዬ ስለምንሽ «ሞተር ይቸኩላል፤ እኔና ጨርቁ አንቸኩልም» ያልሽኝን ለሥራ ባልደረቦቼ ነግሬያቸው ሲስቁ ዋሉ። እማዬስ ጨው ቀነሰች? ወይስ አሁንም ፊትሽን ስታዞሪ ትነሰንሳለች? ግንባሯን ሳሚልኝ፤ በጨው ነገር ግን ከሐኪሙ ጎን ነኝ በያት።

እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ከሳህ እንዳትዪኝ ብዬ ፎቶ አልላክሁም እንጂ ደህና ነኝ። ፀሐዩ አጥቁሮኛል፤ ጫማዬ ከጭቃው ብዛት የማን እንደሆነ ለራሴም ያጠራጥረኛል።

ባለፈው ደብዳቤሽ ጠርዝ ላይ፣ እንደ ዋዛ፣ «ቋሚ ሆንክ ወይ?» ብለሽ ጽፈሻል። ዋዛ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የሙከራ ጊዜዬ ካለቀ ሦስት ሳምንት ሆነው፤ መልስ ያልሰጠሁሽ ረስቼ አይደለም። አልሆንኩም፣ እትዬ። ቀሚስ ሊያሰፋ የመጣውን ሁሉ «ወንድሜ የወንዝ መሐንዲስ ነው፤ በዚህ ወር ቋሚ ይሆናል» እያልሽ እንደምትሸኚ እማዬ ነግራኛለች። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላውራሽ። መቆጣት ካለብሽ ትቆጫለሽ፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ሳታነቢ እንዳትቆጪ።

ወደዚህ የተላክሁበት ምክንያት ወንዙ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ሞልቶ ከድልድዩ አጠገብ ያለው ታች ሰፈር ቤቶች ውስጥ ገብቶ ነበር። የእኔ ሥራ ጎርፉን የሚገታ ነገር መንደፍና ንድፉን ከገበሬዎቹ ጋር መክሮ ማጽደቅ ነው። ወንዙ ዳር አባቶቻቸው የከመሩት ረጅም የአፈር መከላከያ አለ። በጂፒኤስ ከዳር እስከ ዳር ስሄድበት አራት ቦታ ላይ ዝቅ ብሎ አገኘሁት። እነሱ እያንዳንዱን ዝቅታ «አፍ» ይሉታል። እኔ ግን ካርታዬ ላይ በቀይ ቀለም ከብቤ «የተሰበረ» ብዬ ጻፍሁበት። ንድፌም ቀላል ነበር፤ አራቱም አፎች ይደፈናሉ፣ መከላከያው ከፍ ይላል፣ ውሃው ማንንም ሳይነካ በድልድዩ ሥር ያልፋል። በላፕቶፔ ላይ እንደዚያ ሲያልፍ ስታዪው፣ እትዬ፣ ውበቱ ያስለቅስሻል።

የምክክር ስብሰባው በገበሬዎቹ የጋራ አዳራሽ ተደረገ። ወደ አርባ ሰው መጣ። ኃላፊዬ ከፊት ወንበር ላይ እስክሪብቷቸውን ይዘው ተቀመጡ፤ እኔም ግድግዳው ላይ ምስል እያሳየሁ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራሁ። ከዚያ እነዚህን አራት ቦታዎች ማን ሰበራቸው ብዬ ጠየቅሁ። እርስ በርሳቸው ተያዩ። ጋሽ ሽንኩርቴ የሚሏቸው ጎልማሳ ገበሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ከብት ነው አሉ። ሰው ሁሉ አዎ ከብት ነው እያለ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ጻፍኩ። መጻፍ ብቻ አይደለም፤ የከብት መከላከያ አጥር እንዲታጠርም ሐሳብ አቀረብሁ። ጥያቄ አለ? የለም። የሚቃወም? የለም። አጨበጨቡልኝ፣ ፈረሙልኝ። ሪፖርቴ ላይ «ምክክሩ በሙሉ ስምምነት ተጠናቀቀ» አልኩ። ኃላፊዬ በመኪና ስንመለስ ይህ ጥናት ዋናው መሥሪያ ቤት በደረሰ በሳምንቱ የቋሚነት ደብዳቤዬ እንደሚወጣ ነገሩኝ።

በዚያ ወንዝ ዳር ግን ከብት የለም። ያለው አንድ ያረጀ በሬ ነው፤ እሱም መከላከያው ላይ ሊወጣ ቀርቶ ከበረቱ ለመውጣትም ሰው የሚያማክር ነው። ይህን ያስተዋልኩት ግን ኋላ ነው።

አሁን ስለ አከራዬ ልንገርሽ። እማማ ነው የምላቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ከቤታቸው ጎን ያለችውን አንድ ክፍል አከራይተውኛል፤ መስኮቷ ወደ ወንዙ ያያል። ከወንዙ ዳር፣ ከሁለተኛው አፍ ሥር፣ ያማረ ማሳ አላቸው። ዝናቡ ሊጀምር ሲል ጎረቤቱ ሁሉ በቆሎ ሲዘራ የእሳቸው ማሳ ባዶ ነበር። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው «ዘንድሮ ላሳርፈው ብዬ ነው» አሉኝ። እኔም የማላውቀው የለምና መሬት ስለማሳረፍ ረጅም ትምህርት ሰጠኋቸው። ልብሳቸውን እያጠቡ ሰሙኝ። ዘር አጥሯቸው ነው ብዬ ስላሰብሁም ከግብርና ባለሙያው ለምኜ የተሻሻለ የበቆሎ ዘር አመጣሁላቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው መረቁኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ያ ዘር ጋሽ ሽንኩርቴ ማሳ ላይ በቅሎ አየሁት። ቅር አለኝ። ቅዳሜ ጧት እማማ ገንዳቸው ላይ ጎንበስ ብለው ልብስ ሲያጠቡ ዘሩን ለምን እንደሰጡት ጠየቅኋቸው።

«እኔ ጋ ቢዘራማ ዓሣ ነው የሚበላው» አሉኝ።

ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ መንገድ ላይ ቆመ። ማሳ ላይ ምን ዓሣ አለ? እሳቸውም ያመለጣቸውን አወቁ መሰለኝ፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው አደራረቁ። የተፈረመው ጥናት ሰኞ በኃላፊዬ መኪና ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት እንደሚሄድ ነግሬያቸው ነበር። ተከተለኝ አሉኝ፤ አንድ ረጅም ዱላ አንስተው ወደ ድልድዩ ወሰዱኝ።

ድልድዩ ሥር ውሃ የሚያልፍባቸው ሦስት በሮች አሉ። በዱላው ሦስተኛውን በር ውጋው አሉኝ። ወጋሁት። አንድ ክንድ ገባና ግጭ ብሎ ቆመ። በሩ በግንድና በደለል ከአፍ እስከ ገደፉ ተደፍኗል። እትዬ፣ እኔ ሒሳቤን የሠራሁት በሦስት በር ነበር። ከየት አመጣሁት? ፋይል ውስጥ ካለው የድልድዩ የድሮ ንድፍ ነዋ። ከመንገዱ ላይ ሆኜ ፎቶ አንስቻለሁ፤ ሣሩ ሸፍኖታል። ሃያ ደረጃ ያህል ቁልቁል ወርጄ አላየሁም። ጫማዬ እንዳይቆሽሽ ነው ብል ትስቂብኛለሽ፤ እሱ ነው ግን።

እማማ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ቤት እንደሚያከራይ ሰው ነገሩኝ፦

«ልጄ፣ ውሃ ተከራይ ነው። ክፍል ካልሰጠኸው ሳሎን ይገባል።»

ከዚያ ሁሉንም አወሩኝ። አፎቹን የሰበራቸው የለም። አባቶቻቸው ሆን ብለው ነው ዝቅ ያደረጓቸው። በየዓመቱ ሦስቱን በአፈር ይደፍኑና አንዱን በስሱ ብቻ ይዘጉታል፤ ወንዙ ሲሞላ እሱን ይከፍቱና ውሃው በዝግታ ወደዚያ ማሳ ይገባል፣ ተኝቶ ይከርማል፣ ሲጎድል በቦዩ ይመለሳል። ባለማሳው የዚያን ዓመት እህል ያጣል። ሌሎቹ ከየምርታቸው ያካፍሉታል፤ ውሃው ጥሎት የሚሄደው ደለልም ለከርሞ መሬቱን ያሰባዋል። በተራ ነው። ዘንድሮ ተራው የእሳቸው ነው።

ተናደድኩ፣ አልዋሽሽም። ታዲያ ከብት ነው ያላችሁኝ ለምንድን ነው አልኳቸው። እንደ ልጅ አዩኝና፣ አንተ ማን ሰበረው ብለህ ጠየቅህ እንጂ ለምን ዝቅ አለ ብለህ አልጠየቅህም አሉኝ። መከላከያ መቁረጥ በደንቡ የተከለከለ ነው፤ የሚያስቀጣው ሰውዬ ደግሞ እስክሪብቶ ይዞ ከፊት ተቀምጧል። ማን አፍ አለው?

ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ላፕቶፔን ከፍቼ ሁለት በር ብቻ ያለውን ድልድይ አስገባሁና አራቱን አፎች እንደ ንድፌ ደፈንኳቸው። ውሃው ታች ሰፈር መስኮቶች ድረስ ወጣ። አንዱን አፍ ብቻ ስከፍተው ደጃፋቸውን እንኳ ሳይረግጥ አለፈ። ደጋግሜ ሞከርሁት። ቁጥሩ አልራራልኝም።

አንቺን ዋሽቼሽ አላውቅምና ይህንንም አልደብቅሽም፤ ዝም ልበል ብዬ አስቤያለሁ። ግማሽ ቀን ሙሉ። ግንባታው ለከርሞ ነው፣ እስከዚያ ሌላ ሰው ያርመው ይሆናል፣ እኔ ደብዳቤዬን ልያዝ አልኩ። የቋሚነቱን ወረቀት ለእማዬ ስታነቢላት፣ ከዚያም መስታወቱ ጥግ ላይ ስትሰኪው ታየኝ። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ የሚሉት ለካ ይህን ኖሯል።

እሁድ ጧት ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄድሁ። ገበሬው በቆሎውን ይዞ ወረፋ የሚጠብቀው እዚያ በረንዳ ላይ ነው። ቅጽ አልያዝኩም፣ ኃላፊም አላስከተልኩም። ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ጋሽ ሽንኩርቴ ገና ሲያዩኝ በሬ ከሳሹ መጣ፣ በሬውን ደብቁት አሉ። በረንዳው በሳቅ ተናጋ። ስሜ እሱ ሆኖ ኖሯል፤ ሁለት ወር ሙሉ ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ሳቁ ሲበርድ መጀመሪያ የራሴን ስህተት ነገርኳቸው። በሩን ሳላይ እንደቆጠርሁት፣ ንድፌ ቢሠራ ታች ሰፈር በውሃ እንደሚጥለቀለቅ። ከዚያ ጋሽ ሽንኩርቴ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ከአራት ዓመት በፊት የሆነውን ማውራት ጀመሩ። ያን ዓመት ተራው የእሳቸው ነበር። እሳቸው ግን ሽንኩርት ተክለው ነበር፤ ሽንኩርቱም ደርሶ ነበርና አሳሳቸው። አፉን ማንም ሳያያቸው ደፈኑት። ውሃው ሌላ መሄጃ አጣና ታች ሰፈር ገባ። የሁለት ቤት ግድግዳ ወደቀ፤ አንደኛው የገዛ ሴት ልጃቸው ቤት ነው። የልጅ ልጃቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው ከውሃው አወጡት። ሰው አልሞተም። «ከዚያ ወዲህ ስሜ ሽንኩርቴ ነው፤ ደግ አደረጉ» አሉ። ዛሬ የተራው ዋና ጠባቂ እሳቸው ናቸው።

ይህን ለኃላፊዬ እንድናገር ፍቀዱልኝ አልኳቸው። ተጨቃጨቁ። አንዲት ሴት ዛሬ ፍቀዱልኝ ይላል፣ ነገ ቅጣት ይዞ ይመጣል አለች፤ አልፈረድሁባትም። ወረፋ ላይ የነበሩት እማማ ግን፣ ልብሱን ሦስት ወር ሲያሰጣ አይቼዋለሁ፣ የሌላውን ሰው ልብስ ገፍቶ አያሰጣም አሉ። የተመሰከረልኝ ይኸው ነው፤ ዲግሪዬን የጠየቀ አልነበረም። በመጨረሻ ተስማሙ፣ በአንድ ነገር ግን። የመሥሪያ ቤታችን የችግኝ ጣቢያ ከአራተኛው አፍ ሥር ነው፤ እስከ ዛሬ ተራ ወስዶ አያውቅም። እኛ ተራችንን ከነገርናችሁ እናንተም ተራ ትገባላችሁ አሉ። እኔ ሳቅሁ። እነሱ አልሳቁም።

ሰኞ ጧት ኃላፊዬ ጋ ገባሁ። ጥናቱ ላይ ማኅተም ሊመቱ ቀለሙን እየከፈቱ ነበር። ቆሜ፣ ከብቱንም አፉንም በሩንም አወራሁ። ሙሉ ስምምነት ብለህ የጻፍኸውስ አሉኝ። የጻፍኩትም የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ አልኩ። ከብቱስ? ከብት የለም አልኳቸው። ጣራውን ቀና ብለው አዩ፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። በንዴት ይሁን በሳቅ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ የአየር ሁኔታ በሚነበብበት ድምፅ ነገሩኝ። ይህ ወረቀት ከሄደ ቋሚ ነህ። ከቀረ የምትመዘንበት ሥራ የለህም፤ ደንቡ ደግሞ የሙከራ ጊዜው በስድስት ወር ይራዘም ነው የሚለው። «የቱን ልምታ?» አሉኝ፣ ማኅተሙን እንደያዙ።

እጄን ሰድጄ ወረቀቱን ከጠረጴዛቸው ላይ ሳብኩት። እሳቸውም የቀለሙን ክዳን መልሰው ገጠሙት።

ከሰዓት በኋላ ግን በዚያ በሚያብረቀርቅ ጫማቸው ድልድዩ ሥር ወርደው ዱላውን ራሳቸው ሰደዱት። በማግስቱ ሠራተኛ መደቡ፤ ሦስተኛው በር እኩሌታው ድረስ ተጠርጎ ዝናቡ ቀደመን። አዲሱን ጥናት እኔና ጋሽ ሽንኩርቴ አብረን እየሠራን ነው፤ እሳቸው በእግራቸው ይለካሉ፣ እኔ በመሣሪያ። እስካሁን ልካችን የተለያየው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም የተሳሳተው መሣሪያው ነው። ለገበሬዎቹም ቅጣት አልመጣም። ኃላፊዬ አፎቹን «በገበሬዎች ተራ የሚከፈት የውሃ መልቀቂያ» ብለው በደብዳቤ አስፈቀዱ። የችግኝ ጣቢያችንን ነገር ይታሰብበታል ብለው ቆዩና ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ በገዛ እጃቸው ጻፉት። ለእኔም የስድስት ወሩን ማራዘሚያ ሰጡኝ። ቁርጡ ይኸው ነው።

ባለፈው ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ወንዙ መጣ። ከላይ ሲዘንብ አድሮ ኖሮ ቀለሙ ጡብ መስሎ፣ ግንድ እየገፋ መጣ። ሁላችንም መከላከያው ላይ ወጣን። በሥርዓታቸው አፉን መጀመሪያ በዶማ የሚመታው ባለተራው ነው። እማማ ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው ሦስት ጊዜ መቱ፤ የቀረውን ጋሽ ሽንኩርቴና ሌሎቹ ጨረሱት። ደንፍቶ የሚገባ መስሎኝ ነበር። አልደነፋም፤ ቤት እንደማያውቅ እንግዳ አጎንብሶ ገባ። እማማ የልብስ ማጠቢያቸውን ገንዳ ገልብጠው ተቀመጡበትና አገጫቸውን ይዘው ማሳቸው ሲጠፋ አዩ። ወደ ድልድዩ ሮጥኩ። ታች ሰፈር ሰዎች ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። ውሃው ከድልድዩ ወለል አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። እንደገና ሳየው ስንዝሩ ሁለት ሆኗል። አለቀስኩ መሰለኝ፤ ዝናብ ስለነበር ማንም አላወቀብኝም።

ስመለስ እማማ እዚያው ገንዳቸው ላይ ናቸው። ያኔ ዘር ሳመጣልዎት ተራዬ ነው ቢሉኝ ምን ነበረበት፣ እኔም ዝም እል ነበር አልኳቸው። ውሃውን እያዩ መለሱልኝ፦

«ተራው የደረሰ ሰው ተራዬ ነው አይልም። ካለማ ሌላው እህሉን እያፈረ ይበላል። ላሳርፈው ብዬ ነው ብለህ ዝም ነው።»

እትዬ፣ ያን ሲሉኝ ወደ ልቤ የመጣው ወንዙ አይደለም። አባዬ ያረፈበት ዓመት ነው የመጣብኝ። አንቺ አሥረኛ ክፍል ነበርሽ፣ ከክፍልሽ አንደኛ። ትምህርት ቤት ሲከፈት «ሰሌዳ ሳይ ራሴን ያመኛል፣ ትምህርት በቅቶኛል» አልሽና የእማዬ ስፌት መኪና ላይ ተቀመጥሽ። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አመንኩሽ። እንዲያውም ኮምፓስሽን ስለወረስኩ ደስ ብሎኝ ነበር፤ መጀመሪያ ክብ የሠራሁት በሱ ነው። እስከ ማክሰኞ ድረስም አምኜሽ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ራስሽን አስረሽ አይቼሽ አላውቅም። ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ ስትሰፊ ውለሽ አሞኛል ብለሽ አታውቂም። ያ ራስ ምታት መቼ ተሻለሽ? አትመልሺልኝ። እንዲያው ጠየቅሁ።

ሌላ ወሬ ላውራሽ። ወፍጮ ቤቱ አጠገብ የማታ ትምህርት ቤት አለ። ትናንት ገብቼ አሥረኛ ክፍል ምዝገባው መቼ እንደሚያበቃ ጠየቅሁ። ጸሐፊዋ ለራስህ ነው ስትለኝ ለሰው ነው አልኳት። የወሩ መጨረሻ ድረስ ነው። ዕድሜ አይጠይቁም፤ ከፊት ወንበር ላይ የሁለት ልጆች እናት አይቻለሁ፣ ሒሳብ ላይ ማንም አይደርስባትም ይላሉ። በዚህ ከተማ ያለው ልብስ ሰፊ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሱሪዬን ዚፕ ለመቀየር አሥራ አምስት ቀን ወስዶ ገልብጦ ሰፋልኝ። እማማ ሌላ ሁለት ክፍል አላቸው። ልብስ የምትሰፋ ተከራይ ጩኸት አታበዛም ብለው ከወዲሁ መጥረግ ጀምረዋል፤ እኔ ምንም አልነገርኳቸውም፣ ትንሽ ብቻ ነው የነገርኳቸው። ለእማዬም አየሩ ይስማማታል። ሞተር የሌለው የስፌት መኪና ደግሞ በአውቶቡስ ጣራ ላይ እንደሚጫን ሾፌሩን ጠይቄያለሁ።

መልስሽን አትቸኩዪበት፤ እኔ ግን በየቀኑ ፖስታ ቤት እሄዳለሁ።

ጉልበትሽን ያጽናልኝ። መርፌሽ አይታጠፍ፣ ክርሽ አይበጠስ፣ የለካሽው ሁሉ ልክ ይሁንልሽ። እማዬን ዕድሜና ጤና ሰጥቶ ያቆይልን።

የማከብርሽና የምናፍቅሽ
ታናሽ ወንድምሽ